ስማቸውን አልጠራሁም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ልናገር ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጾም መሻሬን ብቻ ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ጾም የሻረ ሰው ስገድ ይባላል፣ ይሰግዳል፣ ጉልበቱን ያሻሻል፣ ያበቃለታል። የእኔ ነገር በጉልበት የሚያበቃ ስላልመሰለኝ ወደ እናንተ መጣሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ እንድታዝኑልኝም አልፈልግም። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ካዘናችሁልኝ እናደዳለሁ።

እኔ አንዲትን እናት አታልዬ አንድ ልጇን አስበልቻለሁ። ጠመንጃ አልያዝኩም፣ የጥቆማ ወረቀትም አልጻፍኩም። ያደረግኩትን ያደረግኩት በራዲዮ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም የራዲዮ ዘጋቢነት ተማሪ ነበርኩ። ዊንጌት አካባቢ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ነበር የምማረው። አስተማሪያችን ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነበር። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ «ቢት» አደለን። ቢት የሚለው አንድ ዘጋቢ ነጋ ጠባ እየተመላለሰ የሚከታተለውን የራሱን የዜና ክልል ነው። ለአንዱ ኳስ ደረሰው፣ ለአንዷ ሆስፒታል። ለእኔ የደረሰኝ አዲሱ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ቀበሌና ስኳርና ሳሙና በካርድ የሚያድለው የኅብረት ሱቁ ነበር። ሚኒስትር ፊት ማይክሮፎን እደቅናለሁ ስል የሳሙና ዘጋቢ ሆኜ አረፍኩ። በትምህርቱ ማብቂያ ከሁላችን ሥራ አንዱ ብቻ ተመርጦ በራዲዮ ይተላለፋል፣ ሠሪውም ይቀጠራል ተብሎ ነበር። በሳሙና ማን ይቀጠራል ብዬ አኮረፍኩ።

«ቴፑን ለአንድ ወር እንዳትነኪው» አለኝ አስተማሪው። «ሂጂ፣ ሰላም በይ፣ ተቀመጪ። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ እወቂ። ሰው የሚያወራው ለሚያውቀው ነው።»

ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኅብረት ሱቁ ደጃፍ ተገተርኩ። ሰዎቹ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥተው በየስማቸው ድንጋይ ደርድረው ወረፋ ይይዛሉ፤ ሱቁ ሲከፈት እያንዳንዱ ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል። እኔ ደብተሬን ይዤ ስጠጋ ወሬው ቀጥ ይላል። በዚያ ጊዜ ደብተር ይዞ ለሚጠይቅ ለማይታወቅ ሰው ምን ይባላል? «ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ አብዮቱ ይመስገን» ትለኛለች አንዷ፣ ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ። ከእኔ ይልቅ ድንጋዩን ያምኑት ነበር። አስተማሪው በየሳምንቱ ምን አገኘሽ ይለኛል፣ እኔ ምንም እላለሁ፣ እሱ ሲጋራውን ይለኩሳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አባረረኝና ከመንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ልጠለል እንጂ ላለቅስ አልነበረም። አንዷ ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ሌላዋ ንፍሮ በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ማን ነሽ ያለኝ የለም። ለቅሶ ላይ ማን ነህ አይባልም። አጠገቤ ደግሞ ወሬው ጉድ ነው፤ ስኳሩ መቼ ገባ፣ መቼ አለቀ፣ ማን ቤት ሄደ። በሁለት ሳምንት ያላገኘሁትን በአንድ ሰዓት ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአክስቴን ጥቁር ነጠላ ከቦርሳዬ አልለይም። ጠዋት ጠዋት የእድር ጥሩንባ ስሰማ ደስ ይለኝ ጀመር። ገባችሁ? ሰው ሞተ ተብሎ ሲለፈፍ እኔ ደስ ይለኛል። ፊቴን አጨማድጄ እገባለሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እንሰቀሰቃለሁ፣ ከዚያ ጆሮዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች አስከሬን ላይ ቢቴን አለማሁ። አስተማሪው ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፣ ጎበዝ አለኝ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

እትዬ አስካለን ያወቅኳቸው በእነዚህ ድንኳኖች ነው። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲያዩዋቸው ምንም የማይመስሉ ሴት ናቸው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሻካራና ወፍራም ድምፅ ከሆዳቸው ይወጣል፣ ድንኳኑ ይላቀሳል። የሟቹን ሥራ፣ አካሄዱን፣ ቀልዱን ሳይቀር እየጠሩ ያስለቅሳሉ። አንድ ጊዜ ማንንም ሲያመናጭቅ የሚውል የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን ታቅፎ ሲንሰቀሰቅ አይቻለሁ። በዚያ ሰፈር እትዬ አስካለን በመልክ የማያውቅ ይኖር ይሆናል። በድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ እኔም ያኔ አውቀው ነበር።

በሦስተኛው ድንኳን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ስታለቅሺ አይሻለሁ። እንባ ግን የለሽም።»

ደነገጥኩ፤ እውነቱን ተናገርኩ። የራዲዮ ተማሪ ነኝ፣ ቢቴ ይህ ሰፈር ነው አልኳቸው። ያባርሩኛል ስል ሳቁ። «እኔስ ሁሉንም መቼ አውቃቸዋለሁ? ደጅ ላይ ስማቸውን ጠይቄ እኮ ነው የምገባው። በይ ብይ፣ ንፍሮው ቀዘቀዘ።» እንዲህ ነበር ያመኑኝ። እኔንና እሳቸውን አንድ አደረጉን፤ እኔም አንድ ነን ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ያልታወቀውን ሟች አልቅሰው ያሳውቁት ነበር። እኔ ምን አደርግለት ነበር?

ቤታቸው ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። የቀራቸው ብርሃኑ የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ታች መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ጎማ ሲያላቅቅ ውሎ እጁ ጠቁሮ ይመጣል፣ ቆሞ ይበላል፣ የእናቱን ሙሾ እያስመሰለ ስለ ፈነዳ ጎማ ያለቅሳል። እትዬ አስካለ እየሳቁ «ሟርተኛ» ይሉታል። እኔን «የለቅሶ ጋዜጠኛዋ» ነበር የሚለኝ። እወደው ነበር ብዬ አላሳምረውም። አውቀው ነበር፤ ይህ ይበቃል።

ወሩ አለቀና ቴፑ ተፈቀደልኝ። መቅረጫው እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነበርና ዳገቱን ተሸክሞ ያወጣልኝ ብርሃኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እትዬ አስካለ የሚያውቁትን ማንም አያውቅም ነበር። በየለቅሶው ቤት ጓዳ ድረስ ስለሚገቡ የማን ቤት ስኳር እንዳለ፣ የማን ቤት ሻይ ያለ ስኳር እንደሚቀዳ ያያሉ። ስኳሩ በፊት በር አልቋል እየተባለ በኋላ በር ለቀበሌው ሊቀመንበር ወዳጆች እንደሚወጣ፣ ለተዝካር ብለው እንኳ የለመኑ ሰዎች እንደተመለሱ አንድ በአንድ ሊነግሩኝ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ግን እጃቸውን መቅረጫው ላይ ጫኑ።

«ስሜን እንዳትጠሪ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ ምን ያደርጉኛል? ለውትድርና የሚሄዱትን ልጆች ስም የሚጽፈው ያው ሊቀመንበሩ ነው። እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት ብሎ ትቶልኛል።»

«ስምዎን አልጠራም» አልኳቸው።

«ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። እጃቸውን አነሱ። ከዚያ ተናገሩ፣ እንዴት አድርገው ተናገሩ! ሃያ ደቂቃ ያህል አንድም ቃል የሚጣል አልነበረውም። የተራው ሰው ምሬት በዚያ ድምፅ ሲወጣ እኔ ሳሙና ረሳሁ፣ ሚኒስትርም ረሳሁ። በልቤ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ተቀጠርኩ።

አስተማሪው ቴፑን ሰምቶ ሲያበቃ ሲጋራውን ለኮሰ። የኢኮኖሚ አሻጥር ማጋለጥ በዚያ ሰሞን የሚፈለግ ወሬ ነበርና ዜናው ሳንሱር እንደሚያልፍ ሁለታችንም አውቀናል። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ሴትዮዋ ድምፅዋ እንዲወጣ ፈቅዳለች? ካልፈቀደች ድምፁን ተይውና ቃሉን አንቺ አንብቢው። ዜናው ያው ነው።»

መውጫው ይኸው ነበር። እኔ ባነበው ምን ይጎድል ነበር? ስኳሩ ያው ስኳር፣ የኋላ በሩም ያው የኋላ በር ነበር። የሚጎድለው እኔ የማገኘው ብቻ ነበር። በእኔ ቀጭን የተማሪ ድምፅ ሥራው ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል፤ በእትዬ አስካለ ድምፅ ግን የሚደርስበት አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ብርሃኑንም አስቤዋለሁ። ሳላስብ ነው፣ ልጅነት ነው የምትሉኝ ከሆነ ተዉት። አስቤ ነው።

«ፈቅደዋል» አልኩ።

ኃጢአቴ ይህች አንዲት ቃል ናት። ፈቅደዋል። ስማቸውን አልጠራም ብዬ ምዬ ስማቸውን የሚናገረውን ድምፃቸውን ለአገር ሰጠሁ። ስማቸውን እኮ አልጠራሁም። በመሐላዬ ውስጥ ቀዳዳ ፈልጌ በእሱ ሾለክሁ፣ ንጹሕ ነኝም አልኩ።

ሥራዬ ተመርጦ በተላለፈበት ዕለት አዲሱ ገበያ ሻይ ቤት ገብቼ ከራዲዮኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሰማኝ ለማየት ፈለግሁ። መግቢያውን እኔ አነበብኩ፤ ማንም ቀና አላለም። የእሳቸው ድምፅ ሲጀምር ግን ብርጭቆ መንካት ቀረ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ አንድ ሸማኔ ወደ ጓደኛው ዞረና «አስካለ አይደሉም እንዴ?» አለ። «ናቸው እንጂ» አለው። ባለ ሻይ ቤቱ ሮጦ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገው። እኔ ምን ተሰማኝ? ኩራት ነው። ፍርሃቱ የመጣው ኋላ፣ መንገድ ላይ ነው።

ሊቀመንበሩ ብልጥ ሰው ነበር። ስብሰባ ጠራ፣ ራሱን ተቸ፣ ሱቁ ውስጥ ስህተት ነበር አለ፣ ለትችቱም አመሰገነ። ለሁለት ሳምንት ስኳር በሽ ሆነ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፈገግ ይሉልኝ ነበር፤ እኔም ጥሩ ሠርቻለሁ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ለውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች ዝርዝር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ብርሃኑ ከላይ ሁለተኛው ነበር። ከጎሚስታው ወሰዱት፤ እጁን እንኳ አልታጠበም ብለውኛል።

እትዬ አስካለ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ስሜን አልጠራሽም» አሉ። «ቃልሽን ጠብቀሻል።»

ቀጥለውም «አሁን አንቺ የወሬ ሰው ነሽ። ልጄ የት እንደደረሰ ጠይቀሽ ንገሪኝ። ሌላ ነገር አልፈልግብሽም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ተቀጠርኩ፣ ወንበር ተሰጠኝ፣ ስልክ ተሰጠኝ፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የግንባር ወሬ የሚጠይቅ ሰው ይጠየቃል ብዬ ፈራሁ። ይህ ምክንያት ነው እንጂ እውነቱ አይደለም። እውነቱን ቀጥዬ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ።

እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረዱም። ለቅሶ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይለመናሉ፣ ዝም ይላሉ። «የእኔ ሳይታወቅ የሰው አላለቅስም፤ እንዳላሟርትበት» ይላሉ አሉ። የአዲሱ ገበያ ሰው ሬሳውን በለሆሳስ ይቀብር ጀመር። በእኔ ላይ ጥርሱን ነከሰብኝ። የአክስቴ እድርተኞች ሰላምታ ነፈጉኝ፣ ሻይ ቤቱ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ቢቴ ወደ ጀመርኩበት ተመለሰ። ደግ አደረጉ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ማኅበራት ቁስለኞችን ሲጎበኙ እንድዘግብ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ከጉለሌ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዊንጌት ኖሬያለሁ አልኩት። «አንድ የአዲሱ ገበያ ልጅ አብሮን ነበር» አለኝ። «ጎሚስታው ብርሃኑ። የእናቱን ሙሾ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። በእጄ ነው የቀበርኩት።» የቀበረበትን አገር ነገረኝ፣ ዛፉን ነገረኝ። «እናቱ አሉ፤ ለሽማግሌ ንገሪልኝና መርዶ ያርዷቸው። እኔ ከዚህ መውጣቴን እንጃ።»

እሺ አልኩት። ቴፑን አጠፋሁ። ወታደሩንም ሳይሰነብት ቁስሉ መርዞ ገደለው፤ ከዚያ በኋላ ያን ወሬ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ እናት የሰዎቹን ብዛት አይታ ራሷ ታውቀዋለች። ለአንድ ሽማግሌ ብቻ ሹክ ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ማለዳ ዳገቱን ወጥቼ በራቸውን ከሩቅ አየሁት። ገርበብ ብሎ ነበር፤ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ቀን ቀን አይዘጉትም። ተመለስኩ።

እውነቱ ይህ ነው፤ የፈራሁት መንግሥትን አይደለም። የፈራሁት ያን ድምፅ ነው። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ብርሃኑን ቢያለቅሱት፣ ሥራውን ሁሉ እየጠሩ፣ ማን እንደላከውም ሳይጠሩ አይቀሩም ነበር። እሳቸው እስከጠበቁት ድረስ ብርሃኑ አልሞተም፣ እኔም አልገደልኩም። ለእኔ እንቅልፍ ብዬ አንዲትን እናት በር ላይ አስቀመጥኳት። ወሬ አነፍናፊ ነኝ ያልኩት ሴትዮ፣ በሕይወቴ አንድ ሰው ከልቡ የጠየቀኝን አንድ ወሬ ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ኃጢአት የትኛው ይብሳል? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በሁለተኛው ትልቅ ሰው ነበርኩ።

መንግሥቱ ሊወድቅ አንድ ክረምት ሲቀረው እትዬ አስካለ ሞቱ። ጥሩንባውን ሰምቼ ያንኑ ጥቁር ነጠላ ለብሼ ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፣ ግን የሚያስለቅስ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሱት ሴት ዝም ተብለው ተቀበሩ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ሌላዋ ንፍሮ አፈሰሰችልኝ። በዚያ ቀን እንባ ነበረኝ፤ እንዲያውም አላቆም አለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ለአጠገቧ ሴት ስትናገር ሰማሁ፦ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ብርሃኑ ሲመጣ ስጪልኝ ብለው አደራ ብለውኛል።»

ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። አፌ ንፍሮ ሞልቶ ነበር።

አሁን ተናገርኩ። ጎረቤቲቱም ሞታለች፣ ቤቱም ፈርሷል፣ መርዶውን የሚያረዳም የሚረዳም የለም። ብርሃኑ ሞቷል። የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ጎሚስታው ብርሃኑ፣ ከዓመታት በፊት ሞቷል፣ በወዳጁ እጅ ተቀብሯል። እነሆ ስማቸውን ጠራሁ፤ የእናቱንም የልጁንም።

ይቅርታ አልለምናችሁም። ይቅር ማለት የእሳቸው ነበር፤ ለእሳቸው ሳልነግር ቀረሁ፣ እናንተ በምን ሥልጣናችሁ ይቅር ትሉኛላችሁ? ለእናትና ለልጁ ማልቀስ ከፈለጋችሁ አልቅሱላቸው፤ በወጉ ያለቀሰላቸው የለም። እኔን ግን ዝም ብላችሁ ቦታ አትልቀቁልኝ። ማን ነሽ በሉኝ፣ ስሜን ጠይቁኝ፣ ከዚያ ከድንኳኑ አስወጡኝ።